ዝሆኔና ቀይ አፈር፤ ካርታ ያወጣው ምክንያት

በመሥሪያ ቤት ውስጥ ብዙ ጊዜ ሠንጠረዥ ሲያዘጋጅ የኖረ ሰው ሳያስተውለው የሚለምደው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ሥፍራን በፊደል ተራ ማሰብ ነው። አገሮችና ከተሞች በመዝገብ ላይ የሚሰለፉት በምድር ላይ እንደሚገኙበት ሳይሆን ስማቸው እንደሚጀምርበት ፊደል ነው። ከዚህም የተነሣ በ«ጎ» ፊደል ገጽ ላይ ጎንደር ይጻፋል፤ ከርሱ ቀጥሎ ጎዴ ይመጣል፤ ጎጃም ሦስተኛ ይሆናል። ጎንደርና ጎጃም በምድር ላይ ጎረቤታሞች ሲሆኑ፣ በዋቢ ሸበሌ ዳር ያለችው ሞቃት ቆላ በመካከላቸው ገብታ ትቀመጣለች። ቍጥሩ ሁሉ ትክክል ነው፤ ድምሩም ይገጥማል፤ ጎረቤት ግን ከጎረቤቱ ተለይቷል። እኔም በዚህ ሥራ ላይ ዐሥር ዓመት ያህል ቈይቼ ነገሩ ጉዳት ያለው መሆኑን ያወቅሁት፣ ስለ አንድ በሽታ ታሪክ ባነበብሁ ጊዜ ነው። በሽታውም በአገራችን ዝሆኔ የሚባለው ነው።

በተወለድሁበት በጎጃም ወይና ደጋ፣ ከቤታችን ከፍ ብሎ በሚገኘው ተረተር ላይ አንድ ሽማግሌ ይኖሩ ነበር። ስማቸውን እዚህ መጻፍ አያስፈልግም፤ እኛ ልጆቹ «አባባ» እንላቸው ነበር። ሁለቱም እግሮቻቸው ከጉልበት በታች አብጠው፣ ቆዳቸው እንደ አሮጌ የዛፍ ቅርፊት ሻክሮ ነበር። በክረምት ወራት እግራቸው እየጋለ ሰውነታቸውን ሁሉ ትኩሳት ይይዛቸውና ብዙ ቀን ተኝተው ይሰነብታሉ፤ ሲሻላቸው ተመልሰው ወደ እርሻቸው ይወርዳሉ። በሰንበት ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጪ፣ ከዋርካው ሥር ለብቻቸው ይቀመጣሉ። በማኅበር ቤት ተራው እርሳቸው ዘንድ ሲደርስ ሌላ ዋንጫ ይቀርብላቸዋል። እናቴ ቡና ባፈላች ቍጥር ከሌላው ሰው ጋር በአንድ ረከቦት ላይ ባለው ስኒ ትሰጣቸው ነበርና ጎረቤቶቿ ይገሥጿት ነበር። ሴት ልጃቸው ለጋብቻ ተጠይቃ ነገሩ ካለቀ በኋላ፣ የሙሽራው ወገኖች ዘር ሲያጣሩ የአባቷን እግር ሰምተው ሐሳባቸውን ለወጡ። ስለ በሽታው መነሻ የሰፈሩ ሰው አንድ ቃል አልነበረውም። አንዱ የሞተ እባብ ረግጠው ነው ይላል፤ ሌላው እርግማን ነው ይላል፤ የሚበዛው ግን «ዘራቸው ነው» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። የሰፈራችን ማሳ ቀይ አፈር መሆኑን፣ እኛም ሁላችን በባዶ እግራችን የምንሄድ መሆናችንን ያነሣ ሰው አልነበረም።

የተማሩት ሐኪሞችም ቢሆኑ ብዙ ዘመን ከዚህ አልራቁም ቢባል ማጋነን አይሆንም። የሕክምና መጽሐፍ ስለ እግር ማበጥ የሚያስተምረው ፊላሪያ ስለሚባለው ቀጭን ትል ነበር። ፓትሪክ ማንሰን የተባለው ስኮትላንዳዊ ሐኪም በ1877 ዓ.ም. በቻይና አገር ሲሠራ፣ ይህ ትል በትንኝ ሆድ ውስጥ እንደሚያድግ ስላሳየ፣ ከዚያ ወዲህ ትንኝና ያበጠ እግር በሐኪሞች አሳብ አንድ ላይ ታሰሩ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ነገሩም በብዙ አገር እውነት ነው። በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ ግን አልገጥም አለ። ትሉ በሌሊት ወደ ደም የሚወጣ ስለ ሆነ የበሽተኞች ደም በሌሊት እየተቀዳ ቢመረመር ትል አይገኝበትም። ደግሞም እብጠቱ ከእግር ጣት ጀምሮ ወደ ላይ የሚወጣና ከጉልበት በላይ ብዙ የማያልፍ ሆነ፤ የትንኙ በሽታ ግን ጭንና ብልትን ጭምር የሚያሳብጥ ነው። እንግዲህ ትል ከሌለ ምን አለ? ይህ ጥያቄ በአንድ በሽተኛ አልጋ ዳር ተቀምጦ የሚመለስ አልነበረም።

የአገራችንን ታሪክ ከመቀጠላችን በፊት፣ በሽታን በቦታው አስፍሮ ማየት በሌላ አገር እንዴት እንደ ተደረገ በአጭሩ መጥቀስ ይገባል። በ1854 ዓ.ም. በኦገስት ወር መጨረሻ፣ በሎንዶን ከተማ ሶሆ በተባለው ሰፈር ኮሌራ ገብቶ በዐሥር ቀን ውስጥ ከ500 የሚበልጥ ሰው ገደለ። በዚያን ዘመን ኮሌራ ከግም ሽታ የሚመጣ ነው የሚለው አሳብ ጸንቶ ነበር። ጆን ስኖው የተባለው ሐኪም ግን በሽታው በሚጠጣ ውኃ የሚተላለፍ ነው ብሎ ያምን ስለ ነበር፣ የልደትና የሞት መዝገብ ወደሚጠበቅበት መሥሪያ ቤት ሄዶ የሳምንቱን ሟቾች ዝርዝር ገለበጠ፤ 83 ሰዎች ነበሩ። (ስማችን በታሪክ የማይነሣ እኛ መዝገብ ያዦች በዚህ ታሪክ ውስጥ ድርሻ ያለን መሆኑን ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈለግሁም።) ዝርዝሩን ይዞ ከቤት ቤት በእግሩ ሲዞር፣ ከጥቂቶቹ በቀር የሞቱት ሁሉ በብሮድ ጎዳና ላይ ካለው የውኃ መሳቢያ አጠገብ የሚኖሩ ሆነው አገኛቸው። ለሌላ መሳቢያ ይቀርቡ በነበሩ ቤቶች የሞቱት 10 ብቻ ነበሩ። ከእነዚህም የ5ቱ ቤተ ሰቦች ውኃ የሚያስመጡት ሁልጊዜ ከብሮድ ጎዳና መሆኑን ነገሩት፤ ሌሎቹ 3 ደግሞ በዚያ መሳቢያ አቅራቢያ ትምህርት ቤት የሚውሉ ልጆች ነበሩ።

ከዚህ ሁሉ የሚደንቀኝ የሟቾቹ ነገር ሳይሆን የዳኑት ነው። እዚያው ሰፈር 535 ሰው የሚኖርበት የድኾች መጠለያ ነበር፤ ዙሪያው ሁሉ ሲረግፍ ከውስጡ የሞቱት 5 ብቻ ነበሩ። መጠለያው የገዛ ጕድጓዱ ነበረው። በዚያው ጎዳና ላይ ያለው የቢራ ፋብሪካ ሠራተኞችም በዚህ በሽታ አልሞቱም፤ ቢራ ይጠጡ ነበርና ወደ መሳቢያው አይሄዱም። ስኖው ለሰበካው ሹማምት ነገሩን አስረድቶ በሴፕቴምበር 8 ቀን የመሳቢያው እጀታ ተነቀለ። በእርግጥ ሕዝቡ ከሰፈሩ ሸሽቶ ስለ ነበር በሽታው በዚያን ቀን መብረድ ጀምሮ ነበር፤ እጀታውን መንቀል ብቻውን ከተማውን አዳነ የሚለው ተረት ነው። ስኖው ለእያንዳንዱ ሟች አንዲት አጭር ጥቍር መስመር ያሰመረበትን ካርታ ያሳተመውም ከዚያ በኋላ ነው። እንደ ገና ባዘጋጀው ሁለተኛ ካርታ ላይ ደግሞ ለአንዱ መሳቢያና ለሌላው እኩል የሆነውን ርቀት በመስመር አመለከተ፤ ርቀቱም አሞራ እንደሚበረው ሳይሆን ሰው እንስራ ይዞ በጎዳናው እንደሚሄደው የተለካ ነበር። ሥፍራን ማሰብ ማለት ይህ ይመስለኛል፤ ሰው በዚያ ሥፍራ ላይ እግሩን አንሥቶ እንዴት እንደሚሄድ ማሰብ ማለት ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በኢትዮጵያ ስለ ዝሆኔ መጀመሪያ የተደረገው ሰፊ ቈጠራ በ1969 ዓ.ም. የታተመው የኦመን ጥናት ነው። ጥናቱ የተደረገበት መንገድ ከአገሩ ኑሮ የወጣ ስለ ሆነ በዝርዝር ሊነገር ይገባዋል። በዚያን ዘመን የሕዝብ ቈጠራ በአገሪቱ ገና ያልተደረገ ሲሆን፣ በየሐኪም ቤቱ የሚገኘው መዝገብ ደግሞ የሚናገረው ሐኪም ቤት ስለ ደረሰው ሰው ብቻ ነው። ዝሆኔ ያለበት ሰው የሚያድነው መድኃኒት እንደሌለ ስለሚያውቅ፣ መንገዱም ስለሚያሰቃየው፣ ሐኪም ቤት አይሄድም። ገበያ ግን ይሄዳል። ጨው የማይገዛ፣ እህል የማይሸጥ ገበሬ የለምና። ስለዚህ ቈጣሪዎቹ በገበያ ቀን ተገኝተው በሕዝቡ መካከል እግሩ ያበጠውን ለዩ። በዚህ ዓይነት በ56 ገበያዎች ሩብ ሚሊዮን ሊሞላ ጥቂት የቀረው ሕዝብ ታየ፤ ከ100 ሰው ውስጥም 2.7 ያህሉ እግሩ ያበጠ ሆኖ ተገኘ።

በዚህ ቈጠራ ላይ ብዙ ተቃውሞ ሊቀርብ ይችላል። በጣም የባሰበት ሰው ገበያ መድረስ አይችልም፤ የሚያፍረውም ከቤቱ አይወጣም፤ እብጠቱ ገና የጀመረው ደግሞ ለዓይን አይታወቅም። እንግዲህ የተገኘው ቍጥር ከእውነተኛው ማነሱ አይጠረጠርም። ነገር ግን ጉድለቱ በአንዱ ገበያ ብቻ ሳይሆን በሁሉም ያለ ስለ ሆነ፣ አንዱን ገበያ ከሌላው ማነጻጸርን አያበላሽም። ደግሞም ገበያ ማለት በካርታ ላይ አንዲት ነጥብ ብትመስልም፣ በእውነቱ ግን ሰው ማለዳ ተነሥቶ ገብይቶ ማታ ቤቱ ሊመለስ የሚችልበት ክብ አገር ነው። 56 ገበያዎች 56 ነጥቦች ሳይሆኑ 56 አገሮች ናቸው። የአገራችን ገበሬ ይህን ክብ ያሰመረው ካርታ አንሺ ከመምጣቱ አስቀድሞ ነው።

ቍጥሩን ከምድሩ ጋር በማገናኘት ከሁሉ የበለጠ የደከመው ኧርነስት ፕራይስ የተባለው እንግሊዛዊ ቀዶ ጠጋኝ ሐኪም ነው። ይህ ሰው በአፍሪካ ለብዙ ዓመታት የሥጋ ደዌ በሽተኞችን ሲረዳ የኖረ ስለ ሆነ፣ የሰውን እግር መመልከት ልማዱ ነበር። በ1970ዎቹ ዓመታት ዝሆኔ የሚበዛባቸውንና የሌለባቸውን ሥፍራዎች እየለየ፣ ከመሬቱ ከፍታ፣ ከዝናሙ መጠንና ከአፈሩ ዓይነት ጋር አስተያየ። የዚህ አሠራር ጥበብ ቀላል ነው። የከፍታው ካርታ ለብቻው ስለ በሽታ ምንም አይናገርም፤ የዝናሙም ካርታ እንዲሁ፤ የአፈሩም ካርታ እንዲሁ። አንዱ በሌላው ላይ በተደረበ ጊዜ ግን የበሽታው ነጥቦች በዘፈቀደ የተበተኑ አለመሆናቸው ይታያል። ነጥቦቹ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,000 ሜትር በሚበልጥ፣ በዓመት ከ1,000 ሚሊሜትር የሚበልጥ ዝናም በሚወርድበትና ከጥንት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረ ቀይ የሸክላ አፈር ባለበት ምድር ላይ ተሰበሰቡ። ወላይታ፣ ወለጋ፣ ኢሉባቦርና ጎጃም በፊደል ተራ ሁሉም በአንድ ገጽ ላይ የሚሰለፉ አይደሉም፤ በአፈር ግን ዘመዳሞች ሆኑ።

እዚህ ላይ አንባቢ «ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ? ጫማ የሌለው ደኻ እንደሚታመም ያለ ካርታም ይታወቃል» ይል ይሆናል። አሳቡ ትክክል ይመስላል፤ ግን አይበቃም። በዚያን ዘመን በባዶ እግር መሄድ በአገሩ ሁሉ ነበር፤ ዝሆኔ ግን በአገሩ ሁሉ አልነበረም። ድኽነትም በአገሩ ሁሉ ነበር። በአንዱ ወረዳ ብቻ የተቀመጠ ሐኪም ቢመረምር፣ በዙሪያው ያለው ሁሉ በባዶ እግር የሚሄድ፣ በዙሪያው ያለው አፈር ሁሉ ቀይ ነውና፣ በሽተኛውን ከጤነኛው የሚለይበት ሌላ ምክንያት ይፈልጋል፤ ያን ጊዜ ዓይኑ በዘር ላይ ያርፋል። የሰፈሬም ሰው የተሳሳተው ስለማያስተውል አልነበረም። የሚያየው አንድ ተረተር ብቻ ስለ ነበረ ነው። በአንድ ተረተር ላይ የማይለዋወጥ ነገር፣ ምክንያት ቢሆንም እንኳ፣ አይታይም። ቀይ አፈር ምክንያት ሆኖ የሚታየው ቀይ አፈር ከሌለበት ሥፍራ ጋር ጎን ለጎን ሲቀመጥ ነው።

የሆነ ሆኖ ፕራይስ ካርታውን መልስ አድርጎ አልተቀበለውም። ከፍታ እግር አያሳብጥም፤ ዝናምም አያሳብጥም። ከፍታውና ዝናሙ ድንጋዩን አላሽተው አፈሩን እንደዚያ እንዲሆን የሚያደርጉ ናቸው እንጂ በራሳቸው ሰውን አይነኩም። ካርታው ያደረገው ነገር ወዴት መቈፈር እንደሚገባ ማሳየት ነው። ስለዚህ ፕራይስና ባልደረቦቹ በባዶ እግራቸው ይሄዱ የነበሩ ሰዎችን የብሽሽት ዕጢ፣ ማለትም ንፍፊት የሚወጣበትን ሥጋ፣ በኃይለኛ አጉሊ መሣሪያ መረመሩ። በ1978 ዓ.ም. ባሳተሙትም ጽሑፍ፣ በዚያ ሥጋ ውስጥ ሲሊኮንና አሉሚንየም ያለባቸው እጅግ የደቀቁ የአፈር ቅንጣቶች መገኘታቸውን ገለጹ። አፈሩ በእግር መዳፍ ቆዳ ገብቶ፣ ፈሳሽ በሚያመላልሱት ቀጫጭን ሥሮች ተጕዞ፣ እነርሱን እያቈሰለና እየዘጋ ይኖራል ማለት ነው። ፕራይስ በኋላ ለበሽታው ፖዶኮኒዮሲስ የሚል ስም አወጣለት፤ በግሪክ ቋንቋ እግርና አቧራ ከሚሉት ቃላት የተሠራ ነው። ከአፈሩ ማዕድኖች ዋናው ጎጂ የትኛው እንደ ሆነ ዛሬም የሚመረመር ሲሆን፣ በሽታው ከትንኝ የማይመጣና ከሰው ወደ ሰው የማይተላለፍ መሆኑ ግን ከጥርጣሬ ውጪ ሆኗል። አባባ ለብቻቸው የሚቀርብላቸው ዋንጫ፣ እኔ ከመወለዴ አስቀድሞ ሐሰት መሆኑ ታትሞ ነበር!

ይህ ሁሉ ከታወቀ በኋላ ነገሩ ብዙ ዓመት በመጽሐፍ ቤት ተቀመጠ። በሽታው የሚገድል ስላልሆነ፣ የሚይዘውም ባላገሩን ስለ ሆነ፣ አስታዋሽ አጣ። በየሥፍራው የሚደረጉ ጥናቶች አልቀሩም፤ ነገር ግን አንዱ በገበያ፣ ሌላው በትምህርት ቤት፣ ሌላው ከቤት ቤት የቈጠረ ስለ ሆነ ተበታትነው ቀሩ። ከበደ ደሪቤ የተባለው ኢትዮጵያዊ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ከ1969 እስከ 2012 ዓ.ም. የተደረጉትን 10 ጥናቶች አሰባስበው፣ የ401,674 ሰዎችን ቍጥር በ229 ሥፍራዎች በካርታ ላይ አሰፈሩት፤ ሥራቸውም በ2013 ዓ.ም. ታተመ። ከ800 ሜትር ከፍታ በታች በሽታው የለም ለማለት የሚያስደፍር ሆኖ ተገኘ፤ የሚበዛውም ከ1,500 ሜትር በላይና ከ1,500 ሚሊሜትር የሚበልጥ ዝናም በሚዘንብበት ሥፍራ ነው። የምድሩም ሙቀት በአማካይ ከ19 እስከ 21 ዲግሪ የሆነበት አገር ከሁሉ ይልቅ ተጎጂ ነው። ከዚህ እጅግ የሚሞቀውም እጅግ የሚበርደውም ይሻላል። የድሮዎቹ ቈጣሪዎች ቈላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ የሚለውን ያገራችንን አከፋፈል ቢይዙት ኖሮ ወደዚያው ይደርሱ ነበር ብል አልተሳሳትሁም መሰለኝ፤ ምክንያቱም ያ አከፋፈል ራሱ ያልተሳለ ካርታ ነው።

በዚያው በ2013 ዓ.ም. ደግሞ አገር አቀፍ ቈጠራ ተደረገ። ከየወረዳው ሁለት ሁለት መንደር እየተመረጠ፣ በየመንደሩም መቶ ያህል ሰው እየታየ፣ በ659 ወረዳዎች ውስጥ ባሉ 1,315 መንደሮች 129,959 ሰዎች ተመረመሩ። የመንደሩ አቀማመጥ ከሰማይ በሚመጣ ምልክት በሚሠራ መሣሪያ ተለክቶ ይመዘገብ ስለ ነበር፣ እያንዳንዱ ቍጥር ከነቦታው ተቀመጠ። በፊደል ተራ የሚጠፋው ጎረቤትነት በዚህ አሠራር አልጠፋም። ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነው ሰዎች በሽታው ያለባቸው ከ100 ውስጥ 4 ሆኑ። በዚያን ጊዜ የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ይባል በነበረው አገር 8.3፣ በኦሮሚያ 4.1፣ በአማራ 3.9 ሆነ። በመላው አገሪቱ የበሽተኞቹ ብዛት 1.5 ሚሊዮን ያህል እንደሚሆን ተገመተ።

ይህ ቈጠራ የትንኙን በሽታ ከአፈሩ በሽታ የለየ በመሆኑ ይበልጥ ይጠቅማል። በሚያብጥ እግር ላይ ደም እየተወሰደ የትሉ ምልክት መኖሩና አለመኖሩ ይታይ ነበር። ልዩነቱ የመጽሐፍ ብቻ አይደለም። እንደ ጋምቤላ ባለ ሞቃት ቈላ ትሉ ስላለ፣ ለሕዝቡ በዓመት አንድ ጊዜ የሚታደል ክኒን መተላለፉን ያስቆመዋል። በቀይ አፈር አገር ግን ክኒኑ ምንም አያደርግም፤ የሚያስፈልገው ውኃና ሳሙና፣ ቅባት፣ ፋሻና ጫማ ነው። አባባ በስተርጅናቸው ከአንድ ጤና ጣቢያ ክኒን ተሰጥቷቸው ለወራት ሲውጡ አስታውሳለሁ። የሰጣቸውን ሰው አልወቅሰውም። መጽሐፉ የሚለውን አደረገ እንጂ በእጁ የተቀመጠ ካርታ አልነበረውም።

ካርታን ስናመሰግን ግን የሚያሳስትበትንም መንገድ መናገር ይገባል። ከቈጠራው የተዘጋጀው ስሌት 34.9 ሚሊዮን ሕዝብ ለበሽታው በሚመች ምድር ላይ እንደሚኖር አመልክቷል። በካርታው ላይ ይህ ሁሉ አገር በጠቆረ ቀለም ተቀብቷል። ያልተጠነቀቀ ተመልካች በዚያ ቀለም ውስጥ የሚኖረው ሁሉ በሽተኛ ነው ብሎ ሊያስብና፣ ትናንት አንድን ቤተ ሰብ ይሸሽ የነበረው ሰው ነገ አንድን ወረዳ በሙሉ ሊሸሽ ይችላል። ቀለሙ የሚናገረው ስለ ምድሩ እንጂ ስለ ሰው አይደለም። ደግሞም በጠቆረው ውስጥ ከመቶው ዘጠና የሚበልጠው ጤነኛ የሆነበት ምክንያት ምንድን ነው? አንድ አፈር ረግጠው፣ በአንድ ማሳ ውለው፣ አንዱ ታሞ ሌላው የሚድነው ለምንድን ነው?

በዚህ ነገር የሰፈሬን ሰዎች ሙሉ በሙሉ ስሐተተኞች ናቸው ማለት አልችልም። በወላይታ በተደረገና በ2007 ዓ.ም. በታተመ ጥናት፣ ለበሽታው የመጋለጥ ዝንባሌ በቤተ ሰብ የሚወረስ መሆኑ ተረጋግጧል፤ በ2012 ዓ.ም. የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ሰውነት ባዕድ ነገርን በሚለይበት የውርስ ክፍል ውስጥ ልዩነት መኖሩን አገኘ። እንግዲህ አንዳንዱ ሰው ለዚህ አፈር የሚቈጣ ሰውነት ይዞ ይወለዳል ማለት ነው። ታዲያ «ዘር ነው» የሚሉት ሽማግሌዎች ግማሽ እውነት ይዘው ነበር። ግማሹ ግን ብቻውን ሲነገር ከሐሰት ይከፋል፤ ያ ሰውነት ቀይ አፈር ካልነካው አያብጥምና። የአባባ ልጅ ጎዴ ብትወለድ ኖሮ ዘሯን የሚያጣራ ሽማግሌ ምንም ባላገኘ ነበር። ጫማ አድርጋ ብታድግም እንዲሁ። በሰሜን አፍሪካ በሽታው ቀድሞ የነበረባቸው አገሮች ጫማ ከለመዱ ወዲህ እንደ ጠፋላቸው ይነገራል፤ ዘራቸው ግን ያው ነው።

የታተመውን ካርታ በገዛ ዓይኔ ያየሁት ባለፈው ዓመት ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ አምጥቶ በጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋልኝ። ማንም ሰው ካርታ ሲያይ እንደሚያደርገው እኔም የተወለድሁበትን አገር ፈለግሁ። ጣቴን ከዐባይ ጕብታ ላይ አንሥቼ ወደ ውስጥ ሳስገባ፣ የሰፈራችን ሥፍራ ከጠቆረው ቀለም መካከል ሆነ። ጥቂት ዝም ብዬ አየሁት። አባባ ከሞቱ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ልጃቸው ሳታገባ ቀርታ ጠላ እየሸጠች በወረዳው ከተማ ትኖራለች።

በዚያው ማታ የአባቴን ርስት ለሚያርሰው ለታላቅ ወንድሜ ስልክ ደወልሁ። ስለ ጤናና ስለ ከብቱ ከተጠያየቅን በኋላ፦

«ወንድም ጋሼ፣ ባለፈው የላክሁልህን ጫማ ታደርገዋለህ?» አልሁት።

«አደርገዋለሁ እንጂ! ምን ያለ ጫማ ነው፤ ቤተ ክርስቲያንም ገበያም በርሱ ነው የምሄድ።»

«ስታርስስ?»

ሳቀብኝ። «አንተ ከተማ ገብተህ ማረስ ረሳህ እንዴ? ክረምት ያ ቀይ ጭቃ ይዞ ያስቀረዋል። ሁለት ፈር ሳልሄድ ከእግሬ ይወልቃል። ከግራሩ ሥር አውልቄ አስቀምጠውና ማታ ስመለስ አነሣዋለሁ።»